ሚዛን የማያየው ቦርጭ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)



የዛሬው የጤና ዝግጅታችን ስለ ቦርጭ ነው። ቦርጭ ሲነሳ አብዛኛው ሰው ልብንና ስኳርን ያስባል፤ ኩላሊት ትዝ የሚለው ጥቂት ነው። ዛሬ የምናወራው ሆድ ውስጥ የሚጠራቀም ስብ ኩላሊትን እንዴት እንደሚጎዳ፣ ሚዛን ላይ ወጥተን «ኪሎዬ ደህና ነው» ስንል ለምን ልንታለል እንደምንችል ነው። አንድ ረዘም ያለ ሲባጎ ቤት ውስጥ ካለ አጠገባችሁ አስቀምጡልኝ፤ ኋላ እንጠቀምበታለን።

በበዓል በግ ያረደ፣ ወይም ሲታረድ አጠገቡ የቆመ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። ቆዳው ሲገፈፍ ከሥሩ ስስ ስብ ይታያል። ሆዱ ሲከፈት ደግሞ ሌላ ስብ አለ፤ አንጀቱን ሸፍኖ የተዘረጋው ሞራ። በደንብ የተቀለበ ሙክት ከሆነ ኩላሊቶቹ ጭራሽ አይታዩም፤ እጅ ወደ ውስጥ ሰዶ ነጩን ስብ እየፈለፈሉ ማውጣት ነው። የሰውም ሆድ እንዲሁ ነው። ከቆዳ ሥር በጣታችን ቆንጥጠን የምንይዘው ስብ አለ፤ በጉበትና በአንጀት ዙሪያ፣ በኩላሊት ላይና አካባቢው የሚከማች፣ በጣት የማይያዝ ስብም አለ።

ሁለቱ ጠባያቸው አንድ አይደለም። ዳሌና ጭን ላይ የሚቀመጠው ስብ በአብዛኛው ጉልበት አጠራቅሞ የሚቀመጥ ነው፤ ብዙ አያስቸግርም። የሆድ ውስጡ ግን ሥራ አይፈታም። ቅባት አሲዶችን በቀጥታ ወደ ጉበት ይልካል፣ ሰውነት ቁስል እንዳለበት እንዲቆጣ የሚያደርጉ ንጥረ ነገሮችን ወደ ደም ይለቃል፣ ኢንሱሊን ሥራውን በወጉ እንዳይሠራ ያደርጋል። ይህን ልዩነት ቀደም ብሎ የጻፈው ዣን ቫግ የተባለ የማርሴይ ሐኪም ነው። ጊዜው 1947 ነበር። (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ውፍረታቸው ወደ ሆድና ወደ ላይ የሆነ ሰዎች ለስኳር ሕመምና ለደም ሥር ችግር እንደሚጋለጡ፣ ዳሌያቸው ላይ የሚወፍሩት ግን ያን ያህል እንዳልሆኑ አስተዋለ። ለረጅም ጊዜ ብዙ ሰሚ አላገኘም።

ይህን ልዩነት ዛሬም እንዳናይ ከሚያደርጉን ነገሮች አንዱ መለኪያችን ነው። ሐኪም ቤት ስንሄድ ክብደታችንና ቁመታችን ይወሰድና «መደበኛ» ወይም «ከልክ በላይ» እንባላለን። የዚህን ስሌት መሠረት በ19ኛው መቶ ዘመን ያወጣው ቤልጂጋዊው የሒሳብ ሰው አዶልፍ ኬትሌ ነው፤ እሱ ሲያወጣው የሕዝብን አማካይ ሊያጠና ፈልጎ ነበር፤ አንድን ታካሚ የመመርመር ሐሳብ አልነበረውም። እስቲ አንድ ሰው እናስብ፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70፣ ክብደቱ 70 ኪሎ። በዚያ ስሌት 24 ይመጣል፤ ጤነኛ ነው ይባላል። ክንዱ ቀጭን፣ እግሩ ቀጭን ነው፤ ወገቡ ላይ ግን ሜትር ሲዞር 96 ሴንቲ ሜትር ይላል። እንዲህ ዓይነት ሰው በየቢሮው፣ በየሱቁ፣ በየታክሲው መሪ ላይ ሞልቷል። እኛም «ተመችቶታል» እንላለን እንጂ አንሰጋለትም። እኔ በበኩሌ በዛሬው ዝግጅት ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይኸው ሰው ነው፤ በጣም ወፍራም የሆነው ሰው ቢያንስ አስጠንቃቂ አያጣም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ኩላሊት እንግባ። ሁለቱ ኩላሊቶች እያንዳንዳቸው የጨበጥነውን እጅ ያህል ናቸው። ልብ ከሚረጨው ደም አምስተኛው እጅ ያህል ወደ እነሱ ይሄዳል። በቀን 180 ሊትር ገደማ ፈሳሽ አጥርተው፣ አብዛኛውን ወደ ሰውነት መልሰው፣ አንድ ወይም ሁለት ሊትር ያህሉን በሽንት ያስወጣሉ። ይህን የሚሠሩት ኔፍሮን የሚባሉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች ሲሆኑ በአንድ ኩላሊት ውስጥ ቁጥራቸው በአማካይ አንድ ሚሊዮን ይጠጋል። ልብ በሉ፤ ኔፍሮን ከተወለድን በኋላ አይጨመርም። የሞተ አይተካም። ክብደቱ አንሶ የተወለደ ልጅ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከመነሻው አነስ ያለ ቁጥር ይዞ ነው የሚመጣው፤ እናቶች በችግር ዘመን ያረገዟቸው ልጆች ዛሬ አድገው ቦርጭ ሲያወጡ ጉዳዩ እጥፍ የሚያሳስበው ለዚህ ነው።

ታዲያ ስቡ ምን ያደርጋል? መጀመሪያ ይጫናል። በ1939 አርቪን ፔጅ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የውሾችን ኩላሊት በሴሎፎን ጠቀለለ፤ ያ ስስና አንጸባራቂ መጠቅለያ ማለቴ ነው። ሴሎፎኑ በኩላሊቱ ዙሪያ ጠንካራ ሽፋን እንዲበቅል አደረገ፤ ሽፋኑ ኩላሊቱን ጨመቀው፤ ውሾቹም ደም ግፊት ያዛቸው። ዛሬም ኩላሊት ከውጭ ሲጨመቅ የሚመጣው የደም ግፊት በሕክምና መጻሕፍት የሚጠራው በፔጅ ስም ነው። ስብ እንደ ሴሎፎን አይጠነክርም፤ ሆኖም ኩላሊትን ከውጭ ይከባል፤ ከዚያም አልፎ ደም ሥሮቹና የሽንት ቱቦው በሚገቡበትና በሚወጡበት ክፍት ቦታ፣ ማለትም በኩላሊቱ ጎድጓዳ መሃል ውስጥ ይገባል። ቦታው ጠባብ ነው፤ ደም ሥሮቹ ስስ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ ከ1948 ጀምሮ ሲካሄድ የኖረ ዝነኛ የልብ ጥናት አለ። የዚያ ጥናት ተመራማሪዎች በ2011 ባወጡት ጽሑፍ በሲቲ ስካን ምስል የሰዎችን ኩላሊት ተመልክተው፣ መሃሉ ላይ ስብ የበዛባቸው ሰዎች ደም ግፊትና ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም እንደሚበዛባቸው አግኝተዋል።

የተጨመቀ ኩላሊት ደም ያነሰው ይመስለዋል። ስለዚህ ሬኒን የሚባል ንጥረ ነገር ይለቃል፤ ሬኒን ደም ሥሮች እንዲጠብቡ፣ ጨውና ውኃ በሰውነት እንዲቀር የሚያደርግ ሰንሰለት ያስነሳል። በዚያ ላይ ለዚህ ሰንሰለት መነሻ የሆነውን ፕሮቲን ስብ ራሱ ያመርታል። የደም ግፊት ከፍ ይላል፤ ከፍ ያለው ግፊት ተመልሶ ኩላሊትን ይመታል።

ሁለተኛው ጉዳት የበለጠ ስውር ነው። ስብ ሲበዛና ኢንሱሊን ሲጨምር እያንዳንዱ ማጣሪያ ከልኩ በላይ እንዲሠራ ይገደዳል። ያብጣል፣ ይወጠራል። የማጣሪያውን ግድግዳ ከውጭ ደግፈው የያዙት ሴሎች ግን ተባዝተው ክፍተቱን መሙላት አይችሉም፤ ማጣሪያው ሲሰፋ እነሱ ይለጠጣሉ፣ ይላቀቃሉ፣ በመካከላቸው ቀዳዳ ይፈጠራል። በቀዳዳው በኩል አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲን ወደ ሽንት ይፈሳል። ከዚያ በኋላ ጠባሳ ነው። ከልክ በላይ ወፍራም በሆኑ ሰዎች ሽንት ውስጥ ብዙ ፕሮቲን እንደሚገኝ አሜሪካውያን ሐኪሞች የጻፉት በ1974 ነበር። የሚያሳዝነው ነገር ምን መሰላችሁ? በዚህ የመወጠር ዘመን የደም ምርመራው ውጤት ያማረ ይመስላል። ኩላሊቱ ከልክ በላይ እየሠራ ስለሆነ ቁጥሩ «በጣም ጥሩ» ይላል።

«ይህ ሁሉ ወፍራም ሰው ላይ ነው» የሚል አይጠፋም። በኔዘርላንድ የግሮኒንገን ተመራማሪዎች በ2013 ያወጡት ጥናት መልሱን ይሰጣል። 315 ጤነኛ ሰዎችን ወሰዱ፤ ስኳር የለባቸውም፣ በአማካይ ክብደታቸውም የተጋነነ አልነበረም። ወገባቸውን ከዳሌያቸው ጋር አነጻጽረው፣ ኩላሊታቸው ውስጥ የሚዘዋወረውን ደም በትክክለኛ ዘዴ ለኩ። ወገባቸው ከዳሌያቸው አንጻር ሰፋ ያለባቸው ሰዎች ወደ ኩላሊታቸው የሚሄደው ደም ያነሰ፣ በማጣሪያዎቹ ውስጥ ያለው ጫና ግን የበዛ ሆኖ ተገኘ። ክብደታቸው መደበኛ የሆኑትም ላይ ይኸው ታየ። ቦርጭ ያለው ሁሉ የኩላሊት ሕመምተኛ ይሆናል ማለት አይደለም፤ ብዙዎች ሳይታመሙ ይኖራሉ። አደጋው ግን የሚጀምረው ሚዛኑ ከመጮሁ በፊት ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ እኛ ሰዎች ልምጣ። በ1984ና በ1991 በዘመቻ ወደ እስራኤል የተጓዙት ቤተ እስራኤላውያን ሲሄዱ ስኳር ሕመም በመካከላቸው ብርቅ ነበር። እዚያ በቆዩ ቁጥር ግን እየበዛ ሄደ፤ የሐኪሞቹን ትኩረት የሳበው ደግሞ ከሌሎች እስራኤላውያን በአነሰ ክብደት መታመማቸው ነው። ይኸው የቀጭኑ ሰው ቦርጭ ነው። ስኳር ሕመም ደግሞ በዓለም ላይ ኩላሊትን ከሚጥሉ በሽታዎች ቀዳሚው ነው።

በዘር የምናመካኝበት መንገድም ጠባብ ነው። በምዕራብ አፍሪካ ሥር ባላቸው ሰዎች ዘንድ ኩላሊትን ለጉዳት የሚያጋልጥ የታወቀ የዘር ልዩነት አለ፤ በ2011 የታተመ ጥናት በተመረመሩ ኢትዮጵያውያን ላይ ይህን ልዩነት አላገኘም። ይህ መልካም ዜና ነው። ያም ሆኖ የኩላሊት እጥበት ወረፋችን አልቀለለም፤ ደም ግፊትና ስኳር የዘር ፈቃድ አይጠይቁም። በነገራችን ላይ አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች፣ የጥቁር ሰውን የኩላሊት ውጤት ከፍ አድርጎ ያሳይ የነበረው የሒሳብ ቀመር በ2021 ተለውጧል። ከዚያ በፊት የተሠራ የቆየ ውጤት ይዛችሁ የምትጽናኑ ካላችሁ እንደገና ተመርመሩ።

ሀገር ቤትም ወገብ እየሰፋ ነው። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች መካከል ከልክ በላይ ክብደት ያላቸው በ2000 ከመቶ 3 ገደማ ነበሩ፤ በ2016 ከመቶ 8 ደረሱ። ከተማው ደግሞ ከገጠሩ በእጅጉ ይበልጣል። ይህ የክብደት ቁጥር ነው፤ ኪሎው መደበኛ ሆኖ ቦርጭ ያወጣው ሰው እዚህ ውስጥ አልተቆጠረም።

አሁን ሲባጎውን አንሱ። አንድ ሰው እንዲረዳችሁ አድርጉ። ጫማ አውልቃችሁ ቁሙ፤ ከተረከዝ እስከ አናት ቁመታችሁን በሲባጎው ለኩና ቁረጡት። ለሁለት እጠፉት። ልብሳችሁን ገለጥ አድርጉ፤ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት በታችና ከዳሌ አጥንት ጫፍ በላይ፣ በመሃሉ ላይ፣ የታጠፈውን ሲባጎ ዙሩበት። ሆድ መሳብ የለም! ትንፋሽ አውጥታችሁ ዘና በሉ። ሁለቱ ጫፎች ከተገናኙ ወገባችሁ ከቁመታችሁ እኩሌታ አይበልጥም፤ ደህና ነው። ካልተገናኙ ነገር አለ። ሱሪያችሁ የሚታሰርበትን ቦታ አትለኩ፤ ብዙ ወንድ ቀበቶውን ከቦርጩ ሥር ስለሚያስረው የሱሪው ቁጥር ለ20 ዓመት ሳይለወጥ ሊቆይ ይችላል። ልብስ ሰፊ ጋ ያለው ሜትር ካላችሁ ደግሞ ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ላይ ማሰብ መጀመር ነው። ነፍሰ ጡሮችን ይህ አይመለከትም።

ሲባጎው አልደርስ ያላችሁ አትደንግጡ። የሆድ ውስጥ ስብ ለመምጣት እንደሚፈጥን ሁሉ፣ ክብደት መቀነስ ስንጀምር ቀድሞ ከሚሄዱት መካከል ነው። ስፔን ውስጥ ሽንታቸው ፕሮቲን ያለበት ወፍራም ታካሚዎች ላይ በተደረገ አነስተኛ ጥናት፣ በ2003 የታተመ ነው፣ ክብደታቸውን 4 በመቶ ያህል ብቻ የቀነሱት ሰዎች በሽንታቸው የሚፈሰው ፕሮቲን በ30 በመቶ ገደማ ወርዶላቸዋል። ለ80 ኪሎ ሰው 4 በመቶ ማለት ሦስት ኪሎ ከምናምን ነው። ከባድ ነገር አይደለም።

ከየት ይቀነስ? የእኛ ቤት ምግብ፣ ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ፣ ጤፉ በራሱ ጠላት አይደለም። ችግሩ ዘይቱ ላይ ነው። ስዊድን ኡፕሳላ ውስጥ ወጣቶች ለሰባት ሳምንት ከተለመደው ምግባቸው በላይ ኬክ እንዲበሉ ተደረገ፤ ግማሾቹ በፓልም ዘይት የተሠራ፣ ግማሾቹ በሱፍ ዘይት የተሠራ። ሁሉም እኩል ክብደት ጨመሩ። የፓልሙ ወገን ግን ሆዱ ውስጥ የገባው ስብ እጥፍ ያህል ሆነ፤ ጉበቱም ላይ ስብ ተከመረ። እኛ ቤት የሚረጋው ዘይት ከዚሁ ከፓልም ነው። የሱፍ ዘይት ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ የምመክረው መጠኑን መቀነስ ነው። በጾም ቅቤው ቀረ ብለን ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ፣ የተጠበሰ ድንች ካበዛንበት ሆዳችን ጾሙን አያውቀውም። ለስላሳውም እንዲሁ፤ 300 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለ። ቢራና ድራፍት ላይ ብዙ አልናገርም፤ ከጮማ ጋር ሲሆን የት እንደሚሄድ ጠጪው ራሱ ያውቀዋል።

ጨው ስብ አይሆንም፤ የደም ግፊትን ግን ያንራል። በ2015 በሀገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት አማካይ የጨው ፍጆታችን በቀን 8 ግራም ያልፍ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው። በርበሬውም ሽሮውም ሲዘጋጅ ብዙ ጊዜ ጨው ገብቶበታል፤ ወጡ ላይ እንደገና ይደገማል፤ ማዕድ ላይ ሚጥሚጣው ይመጣል።

እግርም አለ። በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ ርምጃ። ከመድረሻችን ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ከታክሲ መውረድ ይቆጠራል። ሆድ ላይ ብቻ የሚሠራ ስፖርት ጡንቻ ያጠነክራል እንጂ የውስጡን ስብ ለይቶ አያወጣም፤ ሙሉ ሰውነት መንቀሳቀስ አለበት።

በቴሌግራምና በቲክቶክ «ቦርጭ በሁለት ሳምንት» እየተባለ የሚሸጠውን ሻይና ዱቄት ግን ተዉት። ምን እንደያዘ የማይታወቅ ቅጠል ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ለወገብና ለጉልበት ሕመም እየተባለ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚዋጠው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበትን ሰው ኩላሊት ሊጎዱ ይችላሉ። በሌላ በኩል ሳይንሱ እውነተኛ መድኃኒት አምጥቷል። ስኳርና የኩላሊት ሕመም አብረው ላሉባቸው ሰዎች በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወጋው ሴማግሉታይድ ከባድ የኩላሊት ጉዳቶችንና በልብና በኩላሊት ምክንያት የሚመጣ ሞትን በ24 በመቶ እንደሚቀንስ በ2024 በወጣ ትልቅ ጥናት ታይቷል። ውድ ነው፤ ያለ ሐኪምም አይወሰድም። ኢናላፕሪልን የመሰሉ የደም ግፊት ኪኒኖች ግን በየጤና ተቋሙ አሉ፤ ለኩላሊትም ጥላ ናቸው። ታዝዘውላችሁ ከሆነ «ዛሬ ደህና ነኝ» ብላችሁ አታቋርጡ።

የመጨረሻው ነጥቤ ምርመራ ነው። ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም አያምም። ወገብ ላይ የሚሰማን ውጋት አብዛኛውን ጊዜ የጡንቻ ወይም የአከርካሪ ነው። እግር ሲያብጥ፣ ፊት ጠዋት ሲነፋ፣ ሽንት አረፋው አልጠፋ ሲል፣ ብዙ ጊዜ ብዙ ርቀት ተሄዷል። በደም የሚለካው፣ ኩላሊት የሚያስወጣው ክሬያቲኒን የሚባል ቆሻሻ ብቻውን አይበቃም፤ የኩላሊት ጉልበት ግማሽ ያህሉ እስኪያልቅ ድረስ መደበኛ ሊመስል ይችላል። ክሬያቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ ስለሆነ ክንደ ቀጭኑ፣ ባለ ቦርጩ ሰው ላይ ይበልጥ ያታልላል። አስቀድሞ የሚናገረው ሽንት ውስጥ ያለው አልቡሚን ነው። ያ ከሦስት ወር በላይ ከቀጠለ፣ ወይም የማጣራት አቅም በደቂቃ ከ60 ሚሊ ሊትር በታች ወርዶ ለሦስት ወር ከቆየ ሕመሙ ሥር ሰድዷል ይባላል።

ኩላሊቱ ሥራውን ካቆመ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። እጥበቱ በወጉ ከተደረገ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ነው። ንቅለ ተከላ በሀገራችን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም.፣ ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ተጀምሯል፤ ለጋሹ ግን በአብዛኛው በሕይወት ያለ ዘመድ ነው። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት፣ ወይም በጣም የወፈረ ዘመድ ሊሰጥ ቢፈልግ እንኳ ብዙውን ጊዜ አይፈቀድለትም።

ስለዚህ ሲባጎው አልደርስ ያላችሁ፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለባችሁ፣ በቤተሰባችሁ ኩላሊቱን የታመመ ሰው ያለ፣ በዚህ ወር ውስጥ ቅርባችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሦስት ነገር በስሙ ጠይቁ፦ የደም ግፊት ልኬት፣ የክሬያቲኒን ምርመራ፣ የሽንት አልቡሚን ወይም ፕሮቲን ምርመራ። «ሽንት ለምን?» ብለው ቢጠይቋችሁ «ኩላሊቴን ማወቅ ፈልጌ ነው» በሏቸው። ውጤቱን ወረቀቱን ይዛችሁ አስቀምጡ፤ በዓመቱ የሚነጻጸረው ከእሱ ጋር ነው።

 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)